ልጁን ማን ላከው?

ታናሽ፦ ጋሼ፣ በጃንጎ የሠራሁት ፎርም እንቢ ብሎኝ ነበር። «ላክ» የሚለውን ስጫን 403 ይመልስልኛል። ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ «ሲኤስአርኤፍ ኤግዘምፕት» የምትል መስመር ከፈንክሽኑ በላይ ጨምሩ ይላል። ጨመርኩ፣ ሠራ።

ታላቅ፦ ፎርሙ የምን ነው?

ታናሽ፦ ደንበኛው ኢሜይሉን የሚቀይርበት።

ታላቅ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ያቺን መስመር አጥፊያት፤ በሩን ወለል አድርገሽ ከፍተሽዋል። ኢሜይሉን የቀየረ ሰው «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ አካውንቱን ጠቅልሎ ይወስደዋል።

ታናሽ፦ ሎግ ኢን ያላደረገ ሰው እኮ ገጹን አያገኘውም። ሌባው የይለፍ ቃሉን ካላወቀ በየት በኩል ይገባል?

ታላቅ፦ መግባት አያስፈልገውም፤ የገባው ደንበኛሽ ነው። ሎግ ኢን ሲያደርግ ሰርቨርሽ ኩኪ ሰጥቶታል። ብራውዘር ደግሞ በጥንት ልማዱ ወደ አንቺ ድረ ገጽ በሚሄድ ጥያቄ ሁሉ ላይ ያንን ኩኪ ራሱ ያያይዛል፤ ጥያቄው ከየት ተነሣ አይልም። አሁን ደንበኛሽ በሌላ ታብ የማያውቀውን ገጽ ከፈተ እንበል። ገጹ ውስጥ ዓይን የማያየው ፎርም ተደብቋል። የሚላከው ወደ አንቺ ሰርቨር ነው፤ የኢሜይሉ ቦታ በሌባው ኢሜይል ተሞልቷል። ገጹ ገና ሲከፈት አንዲት የጃቫስክሪፕት መስመር ፎርሙን ትልከዋለች። ደንበኛው ምንም አልነካም። ሰርቨርሽ ዘንድ የደረሰው ግን ትክክለኛ ኩኪ የያዘ ትእዛዝ ነው።

ታናሽ፦ ሌባው ኩኪውን አየው ማለት ነው?

ታላቅ፦ አላየውም፤ የሰርቨሩንም መልስ አያነብም። ብራውዘሩ ይከለክለዋል። ማዘዙ ግን ይበቃዋል። የሰፈር ባለሱቅ የጎረቤቱን ልጅ ስለሚያውቅ በዱቤ ይሰጠዋል አይደል? መንገድ ላይ አንድ ሰው «ሂድና ሁለት ኪሎ ስኳር በእናትህ ስም አምጣልኝ» ብሎ ቢልከው፣ ባለሱቁ ደብተሩ ላይ ጽፎ ይሰጠዋል። ልጁን አውቆታል፤ ማን እንደላከው ግን አልጠየቀም። ሲኤስአርኤፍ የሚባለው ጥቃት ይኸው ነው።

ታናሽ፦ በእውን ደርሶ ያውቃል?

ታላቅ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዊልያም ዜለርና ኤድዋርድ ፌልተን በአይኤንጂ ዳይሬክት ባንክ ድረ ገጽ ላይ፣ በዚሁ መንገድ ከደንበኛው ሂሳብ ገንዘብ ማዛወር እንደሚቻል አሳይተዋል። ባንኩ ቀዳዳውን ደፈነው። ሜክሲኮ ውስጥ ግን በዚያው ዓመት ሌቦች ቀድመው ተጠቀሙበት። ሰዎች የመልካም ምኞት ካርድ የመጣላቸው የሚመስል ኢሜይል ይደርሳቸዋል። ኢሜይሉ ውስጥ የስዕል አድራሻ ተብሎ የገባው ለቤታቸው ራውተር የተጻፈ ትእዛዝ ነበር። ብራውዘሩ ስዕል አመጣለሁ ብሎ ትእዛዙን አደረሰ፤ ራውተሩ ከቤት ውስጥ የመጣን ሁሉ ያምናልና ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው የባንኩን አድራሻ ሲጽፍ የሚከፈትለት የሌቦቹ ገጽ ሆነ። አንዳች ነገር የሚቀይር ሥራ፣ ብራውዘር ስዕል በሚያመጣበት በጌት ጥያቄ አይሠራ የምለው ለዚህ ነው። ለአንድ ስዕል እንኳ መንገድ ይከፍታል።

ታናሽ፦ የእኔ 403 ታዲያ ከምን መጣ?

ታላቅ፦ ጃንጎ ሥራውን ስለሠራ። ገጹን ሲያወጣ ማንም ሊገምተው የማይችል ቶከን፣ ታጉ በተጻፈበት ፎርም ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፎርሙ ሲመለስ ያንኑ ይፈልጋል። የሌባው ገጽ የአንቺን ገጽ ማንበብ ስለማይችል ቶከኑን ከየትም አያመጣውም። አንቺ ግን ታጉን ቴምፕሌቱ ላይ አላስገባሽውም፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። ከፎርሙ መክፈቻ ቀጥለሽ የሲኤስአርኤፍ ቶከን ታጉን ጻፊ።

ታናሽ፦ ግን ጋሼ፣ ክሮም ራሱ ይከለክላል ይባላል እኮ።

ታላቅ፦ እውነት ነው። ከ2020 ጀምሮ ክሮም ሴምሳይት የሚባለው ቅንብር ያልተጻፈበትን ኩኪ «ላክስ» አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ከሌላ ድረ ገጽ በመጣ ፖስት ላይ በአብዛኛው አያያይዘውም። ጃንጎም ከ2.1 ጀምሮ የሴሽን ኩኪውን ላክስ ያደርገዋል። ትልቅ እፎይታ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ላክስ የሚያየው ድረ ገጹን በጅምላ ነው፤ በዋናው አድራሻሽ ሥር ያሉትን ንዑስ ዶሜኖች ሁሉ እንደ ቤተሰብ ይቆጥራቸዋል። ከዓመታት በፊት ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳ ንዑስ ዶሜን በሌባ እጅ ከገባ፣ ከዚያ የሚመጣ ትእዛዝ ኩኪውን ይዞ ይመጣል። ነገ ደግሞ አንድ ሰው ገጻችን ሌላ ድረ ገጽ ውስጥ ይታይ ብሎ ሴምሳይቱን ወደ «ነን» ይቀይረዋል፤ ያን ቀን የሚጠብቅሽ ቶከኑ ብቻ ነው። ሁለቱም ይኑሩ።

ታናሽ፦ ቶከኑ ካለ ከሁሉም እተርፋለሁ?

ታላቅ፦ አትተርፊም። ሌባው በራስሽ ገጽ ላይ ስክሪፕት ማስገባት ከቻለ ቶከኑን ከዚያው አንብቦ ይልከዋል። እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። አሁን ፕሮጀክቱ ውስጥ «ኤግዘምፕት» የሚለውን ፈልጊ።

ታናሽ፦ ታጉን አስገባሁ፣ መስመሯን አጠፋሁ፤ ፎርሙ ይሠራል። ኤግዘምፕት ደግሞ ሌላ ሦስት ቦታ አለ። አንዱ የክፍያ ድርጅቱ ብር መግባቱን የሚያሳውቅበት ዌብሁክ ነው።

ታላቅ፦ እሱ ይቆይ። ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚመጣ ነው፤ ብራውዘርም ኩኪም የለበትም። የሚረጋገጠው በፊርማ ነውና ኮዱ ፊርማውን በትክክል ማመሳከሩን እይ። የቀሩትን ሁለቱን ክፈቻቸው፣ አብረን እንያቸው።