ስለ ብድር ጽሕፈትና ስለ ዕዳ ማስከፈል ሕግ

በባላገር አንድ ሰው ገንዘብ ሲበደር ወረቀቱን የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ መምህር ወይም ፊደል የቆጠረ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ የሕጉን ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ እርሱ ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

በቀድሞ ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ሥርዓቱ ቢቀርም «ቁራኛ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። አሁን ግን ሰውን የሚይዘው ውሉ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሕፈት ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። እንግዲህ ጎረቤት ሁሉ አይቷል ማለት ብቻ አይበቃም። ከዚህ የበለጠ ገንዘብ ከፍያለሁ የሚል ባለዕዳም ማስረጃ ይጠየቃልና፥ ሲከፍል ደረሰኝ ሳይቀበል አይሂድ፤ አበዳሪው ዘመዱ ቢሆንም እንኳ።

ውሉን ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ ግን ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ወይም ሬጅስትራር ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር አያስገድደውም። ይህ አንቀጽ በመንደር እጅግ የተዘነጋ ይመስለኛል። ዋስም ቢኖር እስከ ስንት ብር እንደ ተዋሰ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም።

ወለድ በዓመት ከመቶ 12 ሊበልጥ አይገባም፤ ልኩ በጽሕፈት ካልተወሰነ ከመቶ 9 ይታሰባል። አራጣ አበዳሪ ግን ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን በዋናው ገንዘብ ውስጥ ይሸሽገዋል። 4,000 ብር ለዘር የተቀበለውን ገበሬ «6,000 ብር ተበድሬአለሁ» ብሎ እንዲፈርም ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ወረቀት እንዲጽፍ የተለመነ መምህር ብዕሩን ያስቀምጥ፤ አራጣ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነውና።

ባለዕዳው ያልከፈለ እንደ ሆነ ባለገንዘቡ በገዛ እጁ ከበረት ከብት ሊነዳ አይችልም፤ ከስሶ ማስፈረድ፥ ፍርዱንም በፍርድ ቤት ማስፈጸም አለበት። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለፍርድ ማስፈጸሚያ የማይያዝ ንብረት አለ። የሚለበስ ልብስ፥ አልጋና መኝታ፥ የማብሰያ ዕቃ፥ የሥራ መሣሪያ አይያዝም። ባለዕዳው ገበሬ ከሆነም፥ ኑሮውን ለማግኘት ያስፈልገዋል ብሎ ፍርድ ቤቱ የገመተው ከብትና የዘር እህል አይነካበትም። ሕግ አውጪው በሬው የተወሰደበት ሰው ዕዳውንም ለመክፈል እንደማይችል ያስተዋለ ይመስላል። የደመወዝተኛም ደመወዝ ከ3 እጅ 2 እጁ አይያዝም፤ ይህስ መምህራንንም ይመለከታል።

የይርጋው ዘመን፥ ሕጉ ሌላ ካልወሰነ፥ 10 ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ዕዳው ሊከፈል ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ባለዕዳው በመካከሉ ወለድ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ወይም ዕዳውን ካመነ ቍጥሩ እንደ ገና ይጀምራል። ስለዚህ ጸሐፊው ገንዘቡ የተሰጠበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የሚመለስበትንም ቀንና ዓመተ ምሕረት በፊደል ጭምር ይጻፍ።