ፈንግል ከደጃችን ሳይገባ

በመካከላችን ዶሮ ማርባት የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም የአገር ቤቱ ሰፊ ደጅና እዚህ ካኩማ ያለው ጠባብ ግቢ አንድ አይደለም። እዚያ የጎረቤት ዶሮ በአጥርና በማሳ ይለያል። እዚህ ግን የብሎኩ ዶሮ ሁሉ ባንድ መንገድ ይጭራል፣ ከአንድ ቦኖ ፍሳሽ ይጠጣል። በሽታም ሲመጣ አንድ ቤት ብቻ ገብቶ አይቆምም።

ይህን የተማርነው በኪሳራ ነው። ከገበያ አንዲት ቄብ ገዝተን ዕለቱን ከዘጠኙ ዶሮዎቻችን ጋር ቀላቀልናት። በስድስተኛው ቀን ክንፏ ወረደ፣ አረንጓዴ ኩስ ጣለች፣ ከዚያም አንገቷ ተጠማዘዘ። እሷን ተከትለው ሰባቱ አለቁ። ፈንግል ነበር። የቀሩትን ሁለቱን ሳይሞቱ እንሽጣቸው ብለን ማታውን ሙሉ ተከራከርን፤ ገንዘቡ ያስፈልገን ነበርና። በማግሥቱ ለታመመ ልጇ ከኛ እንቁላል ትወስድ የነበረች ጎረቤታችን ልትገዛቸው መጣች። እውነቱን ነገርናት። አንዷ በሦስተኛው ቀን ሞተች፤ አንዷ ተረፈች።

ለፈንግል መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ነው፤ እሱም የሚረዳው ገና ያልታመመችውን ነው። በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ክትባት ለአንዲት ዶሮ አንድ ጠብታ ሲሆን፣ በየሦስትና በየአራት ወሩ ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆንና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማያድር፣ ጎረቤታሞች አዋጥተው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ይሻላል። ብቻውን የሚያስከትብ ሰው ገንዘቡን ያፈሳል።

አዲስ የተገዛች ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትታሰር። የምትጠጣበት ዕቃም የራሷ ይሁን። የሚመግባት ሰው መጀመሪያ ጤነኞቹን መግቦ እሷን መጨረሻ ላይ ያድርግ፤ በሽታው በእጅና በጫማም ይሄዳልና። የሞተች ዶሮ ወደ ደረቁ ወንዝ አትጣል፤ ውሻ ይጎትታታል። በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር ወይም ትቃጠል። ከበሽታው የተረፈችውም ለሳምንታት ልታስተላልፍ ትችላለች።

ስለ መኖ ብዙ አንልም። ራሽኑ ለሰውም አልበቃ። ፍርፋሪ፣ የማሽላ እብቅና ምስጥ ያገኘ ሰው ይህንኑ ይስጥ። ውኃ ግን በዚህ ሙቀት ከመኖ ይቀድማል፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ በቀን ሁለት ጊዜ ይለወጥ። አፏን ከፍታ የምታለከልክ ዶሮ ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም፣ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ ካልተዋት ግን እንጠርጥር።

ግቢያችንን ጠርገን፣ ቆጡን አቃጥለን፣ ወራት ከጠበቅን በኋላ የተረፈችውን ዶሮ እንቁላል አስታቀፍናት። ለማስታቀፍ የምናስቀምጠው እንቁላል ከአሥር ቀን ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በሙቀት አገር ደግሞ ከዚያም ቢያንስ ይመረጣል። ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገን በእርጥብ ጨርቅ በተከበበ ገንቦ ጎን፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አቆየነው። አሥራ አንድ ነበሩ። በሰባተኛው ቀን በጨለማ በባትሪ ስናያቸው ዘጠኙ እንደ ሸረሪት ድር የደም ሥር ነበራቸው። ሁለቱ ጥርት ያሉ ስለነበሩ አወጣናቸው። በ21ኛው ቀን ስምንት ጫጩት ተፈለፈለ። ከነዚህ ሁለቱ ቄቦች ሲያድጉ ወደ ጎረቤታችን ይሄዳሉ፤ የክትባቱን ድርሻዋን ግን አስቀድማ ከፍላለች።