ስለ ኢጣልያ የቅንጦት አውቶሞቢልና ስለ ነጋዴው ሒሳብ

መኪና ወደ አገራችን ሲገባ ስሙንና የክፍሎቹን ስም ከኢጣልያ ይዞ እንደ ገባ የታወቀ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ የሚባሉት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሏቸው የፊያት የጭነት መኪናዎችም በኢትዮጵያ መንገዶች ለብዙ ዘመን የነጋዴውን ዕቃ አመላልሰዋል። የጭነት መኪና የሚገዛው ስለሚያስገኘው ትርፍ ነው፤ የቅንጦት አውቶሞቢል ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ስለዚህ የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የሻምቡ ወይም የደምቢ ዶሎ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለራሱም ሆነ ለሽያጭ ከማዘዙ በፊት ሊመረምራቸው የሚገባ አራት ነገሮች አሉ።

ለምሳሌ የሚሆነን ማዜራቲ ግሬካሌ የተባለው አውቶሞቢል ነው። ማዜራቲ እ.ኤ.አ. በ1914 በቦሎኛ ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ሲሆን ግሬካሌን መጋቢት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ለዓለም አሳየ። ስሙ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ስም ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ85 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በቤንዚን የሚሠራው ዓይነት ባለ 2 ወይም ባለ 3 ሊትር ሞተር ሲሆን፣ ፎልጎሬ፣ ማለትም መብረቅ የተባለው ደግሞ በኤሌክትሪክ ብቻ ይሄዳል።

1ኛ፤ ሕጉ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ገለጠ። በዚህ ውሳኔ መሠረት ባለ ቤንዚኑ ግሬካሌ ከሒሳብ ይወጣል፤ የሚቀረው ፎልጎሬ ነው። ይህን ሳያጣራ ቀብድ የከፈለ ነጋዴ ገንዘቡ ከወደብ ወዲያ ይቀርበታል።

2ኛ፤ ግብሩ። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሞተሩ ከ1300 ሲሲ የማይበልጥ አዲስ አውቶሞቢል 5 በመቶ፣ ከ1800 ሲሲ የሚበልጠው 100 በመቶ እንዲከፈልበት ተደነገገ። ግብር በግብር ላይ እንደሚደራረብ ለመረዳት፣ የጉምሩክ ቀረጥ ከታከለበት በኋላ 100 ብር የደረሰ ዕቃ እንውሰድ። ሞተሩ ትልቅ ከሆነ ኤክሳይዝ 100 ብር ሲጨመር 200 ይሆናል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 230፤ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከል 253 ብር ይደርሳል። ሞተሩ ትንሽ ቢሆን ግን ያው ዕቃ 133 ብር ገደማ ላይ ይቆማል። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር በወሰነው መሠረት የኤሌክትሪክ መኪና ከእነዚህ ከሦስቱ ግብሮች ነፃ ሆኖ፣ ተገጣጥሞ ሲገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ሲገባ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ተጣለበት። የግብር ተመን ግን የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፣ በታዘዘበት ቀን የሚሠራበትን ተመን ከጉምሩክ መጠየቅ ያሻል።

ምንዛሪም አይዘነጋም። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የ100 ሺህ ዶላር ዕቃ ከ5 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ተነሥቶ 10 ሚሊዮን አለፈ ማለት ነው። ፎልጎሬም በአሜሪካ ገበያ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የተሸጠ ነው።

3ኛ፤ መንገዱና ኤሌክትሪኩ። የፎልጎሬ ባትሪ 105 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ በአውሮፓ መለኪያ አንድ ጊዜ ተሞልቶ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ መሄዱ ይቻላል፤ ደርሶ መልሱ ግን 660 ነው። ወደ ጊምቢ የሚቀጥል ሰው ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ ቁልቁለቱ ለባትሪው ጥቂት ይመልስለታል፣ ዳገቱ ግን ከዚያ የበለጠ ይወስዳል። በነቀምቴ ሳሉ ከተራ የቤት ሶኬት፣ በ220 ቮልት በ10 አምፔር፣ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 48 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ ነው። ፈጣን መሙያ በ30 ደቂቃ ገደማ ከ20 ወደ 80 በመቶ ያደርሰዋል፤ ስለዚህ መኪናው ከመታዘዙ በፊት መሙያው የት እንዳለ መታወቅ አለበት። በሌላ በኩል የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወለጋ ውሃ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ቤንዚን ግን በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይመጣል። ይህ የኤሌክትሪክ መኪና እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ጥቅሙ ግን በርካሹም የኤሌክትሪክ መኪና ይገኛል።

4ኛ፤ ጥገናው። በወለጋ ከተሞች የጎሚስታውና የመካኒኩ እጅ የለመደው አይሱዙንና ቶዮታን ነው። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ አውቶሞቢል አንድ ዕቃ ቢጎድለው ለወራት ይቆማል፤ የቆመ መኪናም ዋጋው ይወርዳል። ለሽያጭ የሚያስመጣ ነጋዴ መለዋወጫውንና የባትሪውን ዋስትና በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ካላስገባ ደንበኛው ነገ ተመልሶ ደጁ ይቆማል።

በውጭ ገበያ በ«ለቀምት» ስም የሚታወቀው የወለጋ ቡና በሚሰበሰብበት ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ነጋዴውን የሚያስፈልገው በእጅ ያለ ገንዘብ ነው። በዚያን ጊዜ 10 ሚሊዮን ብር ቡና ገዝቶ፣ ተሽጦ፣ ተመልሶ እንደገና ይገዛል፤ በአውቶሞቢል ላይ የዋለው 10 ሚሊዮን ግን በግቢ ተቀምጦ ያረጃል። እንግዲህ የቅንጦት መኪና ከትርፍ ቢገዛ የባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ከመነሻ ገንዘብ ከተገዛ ግን የሚነዳው ሱቁ ራሱ መሆኑን ነጋዴው አይርሳ።