ጋብቻና የክብር መዝገብ

በቤተ ክርስቲያን ከተባረክን ስለ ምን ወደ ክብር መዝገብ ሹም እንሄዳለን የሚሉ ሙሽሮች አሉ። ማርቲን ሉተር በ1529 እ.ኤ.አ. ለመጋቢዎች ባዘጋጀው ትንሽ መጽሐፍ ጋብቻ የዚህ ዓለም ሥርዓት መሆኑን፥ የእኛም ሥራ ለሚለምኑን መባረክና መጸለይ መሆኑን አስተምሮአል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም በሃይማኖት የተፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል፤ ነገር ግን እንዲመዘገብ ያዝዛል። ባልዋ የሞተባት እኅት ያለ ወረቀት በፍርድ ቤት ስትቆም፥ ሰርግዋን የበሉት ሁሉ ለምስክርነት አይገኙላትም።

በሹሙ ፊት የሚጋቡ፥ ተቃዋሚ ቢኖር ይሰማ ዘንድ፥ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ያስታውቃሉ፤ ሁለት ሁለት ምስክርም ያቀርባሉ። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸውና በነጻ ፈቃዳቸው የሚጋቡ መሆን አለባቸው። ሽማግሌዎች ሆይ፥ ልጅቱን ለብቻዋ እንጠይቃት፤ ዝምታዋን እሺታ አድርገን አንቍጠረው።