የ1961 ቦርዶ በዕድሜው

ጥያቄ፦ በ1961 (እ.ኤ.አ.) የተጠመቀው የቦርዶ ቀይ ወይን ዛሬም የሚደነቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በዚያ ዓመት ጸደይ ብርዱ አበባውን ስላረገፈው ምርቱ እጅግ አነሰ። ነሐሴና መስከረም ግን ሞቃትና ደረቅ ነበሩ፤ የተረፈው ጥቂት ፍሬ ስኳሩንም ታኒኑንም አጠራቅሞ በሰለ። በቦርዶ ፖያክ የሚገኘው የወይን እርሻ ሻቶ ላቱር ወይን የዓመቱ ቁንጮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፍ የሚያኮማትረው ታኒን ወይኑ ባሳለፋቸው አሥርት ዓመታት እርስ በርሱ እየተያያዘ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ሐምራዊው ቀለም ከዳር ጀምሮ የጡብ መልክ ይይዛል፤ ሽታውም ከፍሬነት ወደ ትምባሆ፣ ወደ ቆዳና ወደ ጽድ እንጨት ያደላል። አተላው እንዲረጋ ጠርሙሱ ሳይከፈት አንድ ቀን ቆሞ ይውላል፤ ሲቀዳ አተላው አንገቱ ጋ እንደደረሰ መቅዳቱ ይቆማል። ለሰዓታት ማናፈስ ያረጀ ወይንን ሊገድለው ይችላል። ቡሹ የላላ፣ ወይኑም ከትከሻው በታች የወረደ ጠርሙስ ስሙ ምንም ቢሆን አይገዛም።