የሊኑክስ ሥርጭት ምርጫ፦ ለጀማሪ የሚሆነውና ለባለሙያ የሚሆነው

ባለፈው ቅዳሜ የጥናት ክበባችን እንደተለመደው ሙቀቱ በረድ ካለ በኋላ በአል ጃሂሊ ግንብ አጠገብ ባለው መናፈሻ ተሰብስቦ ነበር። (በግንቡ ውስጥ ፎቶግራፎቹ የሚታዩት እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1910 የተወለደው አዲስ አበባ መሆኑን ለአዲስ መጪዎች በዚሁ አጋጣሚ እናስታውሳለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በስብሰባው የተነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። በጥቅሉ ከ2018 በፊት የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። እነዚህን ላፕቶፖች ወደ ሊኑክስ እናዛውር ካልን፣ ከብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የትኛውን እንምረጥ?

አንደኛው ወገን «ለጀማሪ የተዘጋጀው ይበቃናል» አለ። ሁለተኛው ወገን «እንዲያ ከሆነ ከዊንዶውስ ወጥተን ምን ተማርን? የተማረ ሰው ከባዱን ይይዛል» ሲል መለሰ። ቡናው አለቀ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። ይህን ጽሑፍ ያቀረብኩት እዚያ የተንጠለጠለውን ጉዳይ በጥቂቱም ቢሆን ለማብራራት ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ሆኖም ሁለቱንም ዓይነት እየቀያየርኩ ሦስት ዓመት ሠርቼባቸዋለሁ። ከዚህም በላይ በመጪው ክረምት አንድ ላፕቶፕ ደብረ ታቦር ላለችው ታናሽ እህቴ ስለምልክ ጥያቄው ለእኔ የክርክር ማሟሻ አይደለም።

«ሥርጭት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሊኑክስ ራሱ የተማሪ ሥራ ነው። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ጽፎ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት አደረገው። ከርነል ብቻውን ግን ለተጠቃሚ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ይፋ ያደረገው የግኑ ፕሮጀክት ያፈራቸው መሣሪያዎች፣ መስኮቶችንና ምልክቶችን የሚያሳየው ዴስክቶፕ፣ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ፕሮግራሞች፣ እነዚህ ሁሉ ተሰብስበውና አብረው መሥራታቸው ተሞክሮ በአንድ መጫኛ ሲቀርቡ ያ ጥቅል «ሥርጭት» ይባላል። በተለምዶ ዲስትሮ የምንለው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በመነሣት አንድ መሠረታዊ ነጥብ እናገኛለን። ለጀማሪ የሚባለውም ሆነ ለባለሙያ የሚባለው ሥርጭት ከርነሉ ያው ሊኑክስ ነው። አንዱ ደካማ፣ ሌላው ኃይለኛ ሞተር የለውም። በክበባችን ክርክር ላይ ብዙዎቻችን የሳትነው ይህንን ይመስለኛል። ልዩነቱ ያለው ውሳኔውን ማን፣ መቼ ይወስዳል በሚለው ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት አዘጋጆቹ አስቀድመው ይወስኑልናል፤ በሁለተኛው ዓይነት እያንዳንዷን ውሳኔ፣ ከነመዘዟ፣ ለእኛ ይተዋሉ።

ትውልዳቸውን ባጭሩ እንይ። ደቢያን በ1993 በኢያን መርዶክ ተጀመረ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ከደቢያን ላይ ተነሥቶ ኡቡንቱን አወጣ፤ እስከ 2011 ድረስም የመጫኛውን ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይላክ ነበር። ሊኑክስ ሚንት ደግሞ በ2006 ከኡቡንቱ ላይ ተነሣ። በሌላው ወገን ጁድ ቪኔት በ2002 የጀመረው አርች አለ፤ ፕሮግራሞቹን ከምንጭ ጽሑፋቸው በራስ ኮምፒውተር ላይ እያጠናቀሩ መጫንን ዋና መንገዱ ያደረገው ጀንቱም አለ። ጀንቱም ቢሆን ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የተዘጋጁ ጥቅሎችን በሰፊው ማቅረብ ጀምሯል። በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም የሚያወጣው ፌዶራ በሁለቱ መካከል ነው ብል የሚቃወመኝ አይጠፋም፤ ለዛሬ እንለፈው።

ከመጫን ይጀምራል

ሊኑክስ ሚንትን ስንወስድ ፋይሉ ሦስት ጊጋባይት ገደማ ነው። ፍላሽ ላይ ይጻፋል፣ ላፕቶፑ ከፍላሹ ይነሣል፣ ዲስኩ ሳይነካ ሙሉ ዴስክቶፕ ይከፈታል። እዚያው ላይ ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መሥራቱን፣ ክዳኑ ሲዘጋ ተኝቶ ሲከፈት መንቃቱን መፈተሽ ይቻላል። ካልተስማማን ፍላሹን ነቅለን መሄድ ነው። ከተስማማን ግን ቋንቋ፣ ሰዓት፣ ስምና የይለፍ ቃል ሞልተን መጫኑን እንቀጥላለን።

አርች ሲነሣ የሚያሳየን ጥቁር ስክሪንና ትእዛዝ የሚጠብቅ ጠቋሚ ነው። ዲስኩን መከፋፈል፣ ማዘጋጀት፣ መሠረታዊውን ጥቅል ማውረድ፣ ማስነሻውን መትከል፣ ሁሉም በተጠቃሚው እጅ ነው። አንድ የተለመደ ስህተት ልጥቀስ። የኔትወርክ ፕሮግራሙን መጫን የረሳ ሰው ሁሉን ጨርሶ ኮምፒውተሩን ሲያስነሣ ኢንተርኔት የለውም፤ የረሳውን ለማውረድም ኢንተርኔት ያስፈልገዋል! ከ2021 ጀምሮ እየጠየቀ የሚጭን ረዳት ፕሮግራም ከመጫኛው ጋር ስለሚመጣ መንገዱ ቀሏል። ግን ረዳቱ የጫነውን ነገር በኋላ የሚጠግነው ተጠቃሚው ነው።

እዚህ ላይ ለሁሉም የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። የአርች መጫኛ «ሴኪዩር ቡት» የተባለውን መቆለፊያ ማጥፋት ይጠይቃል፤ ኡቡንቱና ሚንት ግን በርቶም ይነሣሉ። ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ ይህን መቆለፊያ የነካ ሰው ረጅም የመክፈቻ ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው ዊንዶውስን ከጎን አስቀምጦ ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት ያንን ቁጥር በወረቀት ይያዝ፤ ፋይሎቹንም በሌላ ዲስክ ይገልብጥ።

ዋናው ጉዳይ ማሻሻያው ነው

መጫን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጥገናው ግን በየሳምንቱ አለ። በ2024 የወጣው ሊኑክስ ሚንት 22 በኡቡንቱ 24.04 ላይ የቆመ ሲሆን የደኅንነት ማሻሻያው እስከ 2029 እንደሚቀጥል ተነግሯል። በእነዚህ ዓመታት መካከል የሚመጡት ማሻሻያዎች በአመዛኙ ቀዳዳ የሚደፍኑ እንጂ ቤቱን የሚያፈርሱ አይደሉም። አርች ግን የእትም ቁጥር የለውም፤ ያለማቋረጥ ይታደሳል። አዲስ ነገር ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ይህም እውነተኛ ጥቅሙ ነው። በአንጻሩ ተጠቃሚው ቶሎ ቶሎ፣ ሁሉንም በአንድነት ማደስ አለበት፤ ከማደሱ በፊትም አዘጋጆቹ ያወጡትን ማስታወቂያ ማንበብ ይጠበቅበታል፤ አንዳንዴ በእጅ የሚስተካከል ነገር አለና። ለወራት ሳይታደስ የቆየ ኮምፒውተር የጥቅሎቹን ፊርማ የሚያረጋግጥባቸው ቁልፎች ስለሚያረጁበት ማሻሻያውን አልቀበልም ሊል ይችላል።

በዎርድ ከምናያቸው መድኃኒቶች አንዱ ዋርፋሪን ነው። የሚወስደው ሕመምተኛ ደሙ በየጊዜው ካልተለካ ወይ ይረጋበታል ወይ ይፈስሰዋል። ይህ መድኃኒቱን መጥፎ አያሰኘውም። ነገር ግን ሕመምተኛው ላቦራቶሪ ወደሌለበት ወረዳ የሚመለስ ከሆነ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ደጋግሞ ያስባል። ያለማቋረጥ የሚታደስ ሥርጭትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እዚህ አል አይን፣ ቀን ከሌት በማይቋረጥ ዋይፋይ ላይ ሆነን በየቀኑ ብዙ መቶ ሜጋባይት ብናወርድ አይታወቀንም። አገር ቤት የምትማር ልጅ ግን ካርድ ሞልታ ፓኬጅ ገዝታ ነው የምታወርደው። መብራትም በመሐሉ ሊጠፋ ይችላል።

መብራት መጥፋት ያልኩት በከንቱ አይደለም። ባለፈው ዓመት በክሊኒክ ተረኛነት ተጠምጄ ላፕቶፔን ሁለት ወር ያህል ሳላድስ ቆየሁ። በላዩ ላይ የነበረው ከከባዶቹ ሥርጭቶች አንዱ ነበር፤ ስሙ ለጉዳዩ አያስፈልግም፣ ጥፋቱ የእኔ ነውና። የሕመምተኛ ታሪክ በክፍል ፊት ለማቅረብ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ ማሻሻያውን ጀመርኩና ቻርጀሩን ሳልሰካ ተኛሁ። ባትሪው ከርነሉ በሚተካበት መሐል አለቀ። ጠዋት ላፕቶፑ አልነሣም አለ። ከርነል የለም የሚል አንድ መስመር ብቻ ስክሪኑ ላይ ቆሟል። ፋይሎቼ አልጠፉም፤ ከፍላሽ አስነሥቼ፣ የተቋረጠውን ማሻሻያ አስጨርሼ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ መለስኩት። የክፍሉ ሰዓት ግን አልፎ ነበር። ባትሪ ያለቀበት ማሻሻያ የትኛውንም ሥርጭት ሊጎዳ ይችላል። ሆኖም ሚንት ከማሻሻያ በፊት የሥርዓቱን ቅጂ የሚያስቀምጥ «ታይምሺፍት» የተባለ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል። በእኔ ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መትከል የእኔ ሥራ ነበር፤ አልተከልኩም።

አማርኛችንስ?

ለእኛ ይህ ትንሽ ነጥብ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ሊኑክስ ፊደላችንን ያውቃል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ግዕዝም ሳይቀር የቋንቋ ቅንብር አላቸው። ልዩነቱ እዚህም ያው ነው። በኡቡንቱና በሚንት አማርኛ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ያለ ጥረት ይነበባል። አርችን በባዶው የጫነ ሰው ግን የፊደል ቅርጹን ራሱ ካላስገባ ሳጥኖች ብቻ ይታዩታል። ከእናቴ የመጣ ደብዳቤ ከዳር እስከ ዳር የባዶ ሳጥን ረድፍ ሆኖ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። «ኖቶ» ወይም «አቢሲኒካ» የተባሉትን የፊደል ቅርጾች መጫን ያድናል።

ለመጻፍ በሁለቱም ዓይነት «አይባስ» የተባለው የማስገቢያ ፕሮግራም ከ«ኤም17ኤን» ጥቅል ጋር ይጫናል። ከዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ «ሴራ» የሚለው ይመረጣል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ በላቲን ፊደል ድምፁን እየጻፍን ግዕዙ የሚወጣበት ስልት መጠሪያ እንጂ የታሰበብን ነገር የለም። የሊብረኦፊስ ምናሌም በአማርኛ ይገኛል፤ ትርጉሙ አንዳንድ ቦታ ቢያስቅም ይገባል።

የማይሠራውን አለመደበቅ

አንዳንድ ወዳጆቻችን ሊኑክስ ሁሉን ይተካል ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የማይክሮሶፍት ኦፊስ የዴስክቶፕ እትም ለሊኑክስ አልተዘጋጀም፤ በሊብረኦፊስ የተሠራ የስላይድ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ሊዛነፍ ስለሚችል ከማቅረባችን በፊት ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ይሻላል። በፈተና ጊዜ ስክሪኑን የሚቆልፉት ብዙዎቹ ፕሮግራሞችም በሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ይህንን ገደብ ቀላልም ሆነ ከባድ ሥርጭት አያነሣውም። ስለሆነም ፈተናው በራሱ ላፕቶፕ የሚሰጥ ተማሪ ዊንዶውሱን ከጎን ያቆየው። በሌላ በኩል ለጥናት ካርድ አንኪ፣ ለስታቲስቲክስ አር፣ የሲቲና የኤምአርአይ ምስል ለማየት ዊኢሲስ በሁለቱም ዓይነት ያለ ችግር ይሠራሉ።

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ?

«እኔ የምጠቀመው አርች ነው» ብሎ መኩራራት በዓለም ዙሪያ መሣቂያ እስከመሆን ደርሷል። በክበባችንም ትንሽ አለ። ከባዱን መያዝ በራሱ ዕውቀት አይደለም፤ ትእዛዙን ከመመሪያ ገልብጦ የለጠፈ ሰው ምን እንዳደረገ ካልጠየቀ ምንም አልተማረም። በአንጻሩ ሁለተኛው ወገን ያነሣው ነጥብ ውኃ የሚያነሣ ነው። ሥርዓቱ ከምን ከምን እንደተገጣጠመ ያወቅሁት በሚንት ሳይሆን አርችን ሦስት ጊዜ አበላሽቼ ስጭን ነው። የአርች ዊኪም ለሌላው ሥርጭት ተጠቃሚ ጭምር ከሁሉ የተሻለ መመሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ መማር የሚፈልግ ሰው ይማር፤ ግን የመማሪያውንና የሥራውን ኮምፒውተር አይቀላቅል። ሁለተኛ ላፕቶፕ ከሌለው በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ይሞክር፤ ቢፈርስ የሚፈርሰው አንድ ፋይል ነው።

መካከለኛውን መንገድ ለሚሻ ደቢያን አለ። አዝጋሚና የማይናወጥ ነው። ድሮ የዋይፋይ ካርዶች የሚፈልጓቸውን ነጻ ያልሆኑ ፈርምዌሮች በዋናው መጫኛ ስለማያካትት ጀማሪን ያስቸግር ነበር፤ በ2023 ከወጣው ደቢያን 12 ጀምሮ ግን አካቷቸዋል።

ለእህቴ በሚላከው ላፕቶፕ ላይ የጫንኩት ሊኑክስ ሚንትን፣ ቀለል ባለው በኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ነው፤ የላፕቶፑ ሜሞሪ አራት ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ። ለመወሰን የጠየቅሁት ጥያቄ «የትኛው ይበልጣል?» የሚል አልነበረም። «አንድ ማታ ባይነሣ፣ እኔ ስልክ ላይ ሆኜ፣ እሷ ስክሪኑ ፊት ሆና፣ በምን ያህል ቃላት ልናስነሣው እንችላለን?» የሚል ነበር። ክዳኑ ውስጥ በፕላስተር በለጠፍኩት ወረቀት ላይ በአማርኛ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ማሻሻያ ሲመጣ ቻርጀሩን ሰክተሽ፣ ባትሪው ከግማሽ በላይ ሆኖ፤ ፓኬጁ ሊያልቅ ከሆነ ለሌላ ቀን አሳድሪው፤ እምቢ ካለ ታይምሺፍትን ክፈችና የትናንቱን ቀን ምረጪ፤ ያም እምቢ ካለ በቦርሳው ኪስ ያለውን ፍላሽ ሰክተሽ ደውይልኝ።

የዚያ ፍላሽ ቅጂ በክበቡ ስም አለ። አሁን በአንድ የፋርማሲ ተማሪ እጅ ስለሆነ የሚፈልግ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሽት ከመናፈሻው ይውሰድ፤ ላፕቶፑንና ቻርጀሩን ይዞ ቢመጣ እዚያው አብረን እንሞክረዋለን።