የሳምንቱ ትምህርት፦ ይማርሽ!

ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት የሰውነት ክፍሎችን ስም ተምረናል። ዛሬ ከእነሱ አንዱን፣ ልብን፣ እናያለን።

እስቲ እጃችሁን ጨብጡ። ልባችሁ የዚያን ያህል ነው። ውስጡ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ አራት በሮች አሉ፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። አንዳንድ ልጅ ልቡ ላይ ቀዳዳ ኖሮት ይወለዳል። ሌላው ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ተወልዶ፣ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ሳይታከም ይቀርና የልቡ በሮች ይጎዳሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ትንሽ ሲሮጥ ይደክመዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር በላይ አበጋዝ የተባሉ የሕፃናት የልብ ሐኪም እነዚህን ልጆች የሚረዳ ድርጅት በኢትዮጵያ አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር መላክ ነበረባቸው። በ2009 አዲስ አበባ ውስጥ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ቢሆንም ወረፋ የሚጠብቁት ብዙ ስለሆኑ ዛሬም ልጃቸውን ይዘው ባሕር የሚሻገሩ ወላጆች አሉ።

አንድ እንዲህ ያለ ቤተሰብ እናስብ። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ ስለሌለ አባትና ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ቀሩ። እናት ብቻ አብራት ወደ አሜሪካ መጣች። እናትየዋ አሁን “አስታማሚ” ናት። አስታማሚ ማለት ከበሽተኛው አጠገብ ሆኖ የሚያበላ፣ የሚያጠጣ፣ ሌሊት አብሮ የሚነቃ ሰው ነው። ታዲያ አስታማሚዋንስ ማን ያግዛት? ነርሷ የምትላትን አትረዳም። ልጅቷም የሆስፒታሉ ምግብ አልጣማትም፤ የሚያጫውታትም የለም።

እናንተ የምታስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዳንዴም እየተነጫነጫችሁ፣ የምትማሩት አማርኛ ሥራ አገኘ ማለት ነው! ተረት ልታነቡላት ትችላላችሁ። “እንቆቅልሽ” በሏት፤ ወዲያው “ምን አውቅልሽ” ትላለች።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ሐኪሙ ስለ ሕመሟ ሲናገር ማስተርጎም የልጅ ሥራ አይደለም። ቃሉ ይከብዳል፣ ስሕተቱም ይጎዳል። እሱን ለአስተርጓሚ ተዉለት፤ የእናንተ ሥራ ጓደኛ መሆን ነው።

እንዴት እንበል?

ለወንድ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይማርህ
ለሴት ልጅ፦ እግዚአብሔር ይማርሽ
ለትልቅ ሰው፦ እግዚአብሔር ይማርዎት
ለአስታማሚ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት

የመጨረሻውን ልብ በሉ። እናትየዋ አልታመመችም፤ የታመመችው ልጇ ናት። ስለዚህ “ል” ትገባለች። አንዲት ፊደል “የእርስዎም ጭንቀት ገብቶናል” ትላለች። ሙስሊም ወገኖቻችን “አላህ ያሽርሽ” ይላሉ። ስትድን ደግሞ “እንኳን ማረሽ!” እንላታለን።

ጥያቄዎች

1. ልባችን ስንት ቫልቮች አሉት? ሥራቸውስ ምንድን ነው?
2. በእናንተ ቤት ሰው አስታሞ የሚያውቅ ማን ነው? ጠይቁና በክፍል ውስጥ ተናገሩ።
3. ለልጅቷ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው ደብዳቤ ጻፉ። እናቷንም ሰላም ማለት አትርሱ።

ለወላጆች

እዚህ አሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ቤተሰብ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ለታካሚ የመጣ እንግዳ ካገኛችሁ ይህንን ንገሩት፤ ብዙዎች ለመጠየቅ ያፍራሉ። ልጃችሁም ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው ለሐኪም አሳዩ። የታዘዘለትን መድኃኒት ተሻለው ብላችሁ መሃል ላይ አታቋርጡ።

በሉ ልጆች፣ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ እንገናኝ። ደህና ሰንብቱ!